ከጓሮ በር እስከ መሬቱ ሦስት ደረጃ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጓሮ ነው። መነሻችን ከአዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ የደረሰን የአንዲት አንባቢያችን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን እናካፍላችሁ።

«የምንኖረው በቪላ ቤት ነው። ከጓሮ በር ወደ መሬት ለመውረድ ሦስት ደረጃ አለው። ጓሮው 9 ሜትር በ4 ሜትር ተኩል ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። የጠዋት ፀሐይ መሞቅ ትወዳለች፤ ነገር ግን እኔ ወይም ልጄ ካልደገፍናት ያቺን ደረጃ አትወርድም። እኛ ሥራና ትምህርት ቤት ስንውል እሷ ሳሎን ተዘግታ ትውላለች። ባለፈው ክረምት ብቻዋን ልውረድ ስትል አዳልጧት ወደቀች። እግዚአብሔር አተረፋት እንጂ ይሰበር ነበር። ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ይህን ሲሰማ የራሱን ቤት ‹ዴክ› ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ‹ለእማዬ እንደዚህ አሠሪላት፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ› አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ‹በእኛ ክረምት ውጭ ያለ እንጨት ይበሰብሳል፤ አፈር ሞልተን ሴራሚክ እናንጥፍ› ይላል። በስልክ ሳይቀር ተከራከሩ። ወንድሜ ‹የሰጠሁትን እንደፈለጋችሁ ልታደርጉት ነው› ብሎ ተቀየመ። ክረምቱ ሳይመጣ ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ ጥያቄዎ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ቤት ስንሠራ ያለን ገንዘብ በሙሉ ፊት ለፊት ያልቃል። ሳሎኑ፣ የግቢው በር፣ የፊት በረንዳው ይጌጣል። ጓሮው ግን የተረፈ ብሎኬት መከመሪያ ሆኖ ይቀራል። ቤተሰቡ የሚውለው ግን እዚያው ነው፤ ልብስ የሚታጠበው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ልጅ የሚጫወተው ጓሮ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ወንድምዎንም ባለቤትዎንም ሳንወቅስ፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

የወንድምዎ ዴክ ለምን የእንጨት ሆነ?

ዴክ የሚባለው ከቤቱ ጀርባ፣ ከወለሉ ጋር እኩል ከፍ ብሎ በእንጨት የሚሠራ ክፍት መደብ ነው። አሜሪካኖች ከእንጨት የሚሠሩት ለውበት ብቻ አይደለም። በመኖሪያ ሰፈሮቻቸው የአብዛኛው ቤት አጥንት ራሱ እንጨት ነው። ለውጭ አገልግሎት ተብሎ መድኃኒት በግፊት የገባበት ጣውላ በየመደብሩ በልክ ተቆርጦ ይሸጣል። የቤታቸው ወለል ከመሬት ከፍ ስለሚል ደግሞ ጓሮው ድረስ አፈር መሙላት አያዋጣም፤ ስለዚህ ምሰሶ አቁመው ጣውላ ይረበርቡበታል።

ፎቶው የማያሳየው ነገርም አለ። ዴክ ለማሠራት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ተቆጣጣሪም መጥቶ ያያል። መሠረቱ በብርድ ወቅት አፈሩ ከሚረጋበት ጥልቀት በታች ይወርዳል፤ አለበለዚያ አፈሩ ሲረጋ እያበጠ ምሰሶውን ያነሳዋል። ደግሞም ጣውላው በየጊዜው ይታጠባል፣ ይቀባል፤ የላላ ይጠበቃል፣ የበሰበሰ ይቀየራል። ወንድምዎ ይህን ያውቃል፤ ፎቶ ሲልክ ግን ማንም ሰው የሚልከው ወንበሩንና አበባውን ነው።

ባለቤትዎም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። የአዲስ አበባ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተከታትሎ ይወርዳል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የበጋው ፀሐይም እንጨትን ይሰነጥቃል። የራሰ እንጨት ፀሐይ፣ ፀሐይ የመታው እንጨት ዝናብ ሲፈራረቅበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ይዘዋል። መፍትሔው አንዱን ማሸነፍ ሳይሆን የጓሮውን ጥያቄ በትክክል ማስቀመጥ ነው።

መጀመሪያ ጓሮው ምን ይሠራል?

አናጺም በያጅም ከመጥራትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይያዙ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጓሮው በዓመት ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ይጻፍ። እናትዎ ፀሐይ ይሞቁበታል። ልብስ ይሰጣል። ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ በግ ይታረዳል። ክፉም ደግም ሲመጣ ድንኳን ይተከላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጓሮውን ሙሉ በሙሉ በመደብ ሸፍኖ፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚያቆምበት አጥቶ መንገድ ላይ የሚተክል ስንት ሰው አለ!

ቀጥሎ ከመሬት በታች ያለውን ያስታውሱ። የመፀዳጃ ጉድጓዱ ክዳን የት ነው? የውሃ መስመሩ በየት ያልፋል? ኤሌክትሪክ የተቀበረ አለ? በጉድጓዱ ክዳን ላይ መደብ መሥራት ለጊዜው ገጽታውን ያሳምራል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ግን የመምጠጫው ቱቦ መግቢያ አጥቶ የተሠራው ይፈርሳል። የሮቶው መቆሚያና የቧንቧው ማጥፊያም እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቅር።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። መሣሪያ አያስፈልገውም። በአንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት እና 10 ሰዓት ላይ ጥላው የሚደርስበትን በድንጋይ ምልክት ያድርጉ። ፀሐይ በየወሩ ቦታ እንደምትቀይርም አይርሱ። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ጓሮዎ በቤቱ ሰሜን በኩል ከሆነ፣ ሙቀት በሚናፈቅበት በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ቤቱ ራሱ ጥላ ይጥልበታል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ መደቡ ከግድግዳው ሥር ተጠግቶ ከሚቀር ይልቅ ጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኘው ወደ ምሥራቁ ጥግ ቢሳብ ይሻላል።

አራተኛውና ዋናው፦ እናትዎን ይጠይቋቸው። በደብዳቤዎ ውስጥ ወንድምዎ ምን እንዳሉና ባለቤትዎ ምን እንዳሉ ጽፈዋል፤ እናትዎ ምን እንዳሉ ግን የለም። የት መቀመጥ ይወዳሉ? ወደ በሩ ዞረው ሰው የሚገባ የሚወጣውን ማየት ነው የሚሹት ወይስ ወደ ጎረቤት አጥር? ጥጥ ሲፈትሉ ወይም ሽንኩርት ሲልጡ ዕቃቸውን የት ያስቀምጣሉ? የመቀመጫቸው ከፍታ ስንት ይሁንላቸው? ጉልበት የሚያማው ሰው ዝቅ ካለ ዱካ ላይ መነሳት ይከብደዋል፤ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ይሻላል።

ከፍታውን በቁጥር እንየው

ሦስቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 17 ሴንቲ ሜትር ናቸው እንበል። በሩ ከመሬት 51 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ለእናትዎ ዋናው ነገር ከበሩ ሲወጡ እግራቸው ደረጃ እንዳያገኝ ነው። ስለዚህ መደቡ ከበሩ ወለል ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ይሁን። ውሃ ወደ ቤት እንዳይገባ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል፤ ያችም ጠርዟ ተዳፍና ትሠራ፣ ከዘራም ሆነ ነጠላ ጫማ እንዳያደናቅፋት።

ስፋቱስ? 5 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል። ይህ 15 ካሬ ሜትር ነው፤ ወንበሮች፣ የቡና ረከቦትና የሰው መተላለፊያ በደንብ ይይዛል። ከጓሮዎ 4 ሜትር ወርድ ያለው ክፍት መሬት በጎን ይተርፋል። ለልብስ፣ ለበግ፣ ለትንሽ ድንኳን የሚሆነው ያ ነው። ከመደቡ ፊት እስከ አጥሩ ደግሞ 1 ሜትር ተኩል መተላለፊያ ይቀራል።

አንዳንድ ሰው «ደረጃውን ትታችሁ ተዳፋት (ራምፕ) ሥሩ» ሊልዎ ይችላል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን እንደማንኛውም ሐሳብ በሜትር ይለካ። ምቹ የሚባለው ተዳፋት ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ለ51 ሴንቲ ሜትር 6 ሜትር ከ12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በጎን የቀረው 4 ሜትር ነው፤ አይበቃም። ቢጠማዘዝ ደግሞ የቀረውን ጓሮ ይበላዋል። አሳጥረው ቀጥ ያለ ቢሠሩት ከደረጃ የባሰ አዳላጭ ነው። ስለዚህ ለአሁኑ ደረጃው ይቅር፤ ግን እንደገና ይሠራ።

አዲሱ ደረጃ በጎን በኩል፣ ወደ ሰፊው ክፍት መሬት ይውረድ። ወደ ፊት ከወረደ መተላለፊያውን ይዘጋል። የመደቡን 49 ሴንቲ ሜትር በሦስት ከመከፋፈል በአራት ይክፈሉት፤ አንዱ ከፍታ ከ12 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የታመመ ጉልበት ይህን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል። የእግር መርገጫው 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሁሉም ደረጃ እኩል ይሁን፤ ሰውን የሚጥለው ከፍተኛ ደረጃ ብቻ ሳይሆን ከሌሎቹ የተለየው አንዱ ደረጃ ነው። በሁለቱም ጎን 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በእጅ የሚጨበጥ ክብ መደገፊያ ይኑር። የሚታይ ቀለምም በየደረጃው ጠርዝ ላይ ይቀባ።

የመደቡ ዙሪያ ራሱ መከለያ ይኑረው። በአሜሪካ የቤት ግንባታ ደንብ መከለያ ግድ የሚሆነው ከፍታው ከ76 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ነው። ለ78 ዓመት እናት ግን 49 ሴንቲ ሜትርም ይበቃል መከራ ለማምጣት። የልጅ ልጆች ከመጡም ከዚያው ደንብ አንድ ጥሩ ነገር እንውሰድ፦ በመከለያው ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ከሰፋ የሕፃን ጭንቅላት ያልፋል። ዘንጎቹም ቁመት ይሁኑ፤ አግድም ከሆኑ ለልጅ መሰላል ናቸው።

አፈር ሞልቶ ሴራሚክ ወይስ እንጨት?

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። የባለቤትዎ ሐሳብ አፈር ሞልቶ፣ አርማታ ጥሎ፣ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። 15 ካሬ ሜትር በ49 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ ከ7 ሜትር ኩብ በላይ ሙሌት ነው። በግምት ከ12 ቶን በላይ ክብደት ማለት ነው። ይህን የሚይዝ የድንጋይ ግድግዳ ዙሪያውን ያስፈልጋል። በደንብ ካልተጠቀጠቀ በሁለተኛው ክረምት ይሰምጥና ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። በቤቱ ግድግዳ ላይ የተደገፈ አፈር ደግሞ እርጥበት ይዞ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ የመኝታ ቤት ቀለም የሚላጠው፣ የሚሻግተው በዚህ ነው። ሌላው፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ሲረጥብ በረዶ ነው። ሙሌት ከመረጣችሁ ፊቱ ሻካራ የሆነ ንጣፍ ብቻ ይነጠፍ። መሬታችሁ ድንጋያማ ወይም ጠንካራ ቀይ አፈር ከሆነና እርጥበት መከላከያ በግድግዳው ላይ ከተሠራ ይህ መንገድ ብዙ ዓመት ያለ ጣጣ ያገለግላል። ባለቤትዎ የያዙት እውነት እዚህ ላይ ነው።

የእንጨቱ ጥቅም ደግሞ ቀላል መሆኑ ነው። አየር ከሥሩ ያልፋል፤ የቤቱ ግድግዳ አይነካም፤ ውሃ በጣውላዎቹ መካከል ወርዶ ይሄዳል፤ ለቀዘቀዘ እግርም ይሞቃል። ጉዳቱ እንክብካቤ መፈለጉ ነው።

የእኛ ምክር መካከለኛው መንገድ ነው፦ አጥንቱ ቱቦላሬ ብረት፣ ፊቱ ጣውላ፣ ግማሹ ጣራ ያለው። የሚበሰብሰው ጣውላ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲበላሽ አንዱን ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ለዚህም ሲባል ጣውላው በምስማር አይመታ፤ በቡሎን ወይም በቪቴ ይታሠር።

የትኛው እንጨት? በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እርጥቡ ተሰንጥቆ ወዲያው ከተሠራበት ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ጣውላውን ከመሠራቱ ከወራት በፊት ይግዙ። ጥላ ሥር፣ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት አስገብተው አየር እያለፈበት እንዲደርቅ ይከምሩት። ቪቴ ከመግባቱ በፊትም ቀዳዳው በትሬፓን ይበሳ፤ አለበለዚያ ጫፉ ይተረተራል። የሐበሻ ጥድ ልቡ ምስጥንም እርጥበትንም የሚቋቋም በመሆኑ አያቶቻችን ለአጥር ቋሚ የመረጡት ነው፤ ነገር ግን ደኑ ተመናምኗል። ካገኛችሁም ሕጋዊ ምንጭ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ዝግባ ለቤት ውስጥ ሥራ እንጂ ለዝናብ አይሆንም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የአሮጌ የመብራት ምሰሶ እንጨት ርካሽ ነው ተብሎ ለመቀመጫና ለወለል አይዋል፤ እንዳይበሰብስ የተነከረበት ጥቁር ቅባት ለቆዳም ለትንፋሽም ጎጂ ነው። «ምስጥ ይከላከላል» እየተባለ የሚቀባው የተቃጠለ የመኪና ዘይትም ሰው በሚቀመጥበት፣ ሕፃን በሚድህበት ቦታ አይሆንም። ለውጭ እንጨት የተሠራ ዘይት በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ መቀባት ይበቃል። ወፍራም ቫርኒሽ መጀመሪያ ያምራል፤ በእኛ ፀሐይ ግን ይላጣል፤ ሲላጥ ደግሞ ፍቆ እንደገና መቀባት ሌላ ሥራ ነው።

ከሥር ያለው አይታይም፤ ግን ሰው የሚሸከመው እሱ ነው

የመደብ ትልቁ አደጋ መበስበስ ሳይሆን መደርመስ ነው። በሰኔ 2003 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ቺካጎ ከተማ ውስጥ ወጣቶች ግብዣ ላይ በተሰበሰቡበት፣ በአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ጀርባ የነበረ የእንጨት በረንዳ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞተዋል። የእርስዎ መደብ ግማሽ ሜትር ከፍታ ብቻ ያለው ነው፤ ግን የእኛ ቤት የሰው ቤት ነው። ማኅበር አለ፣ ልደት አለ፣ ክርስትና አለ። አንድ ሰው 65 ኪሎ ቢመዝን 40 ሰው 2,600 ኪሎ ነው። በአሜሪካ ደንብ አንድ ዴክ በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ እንዲችል ይጠበቃል፤ ለ15 ካሬ ሜትር ወደ 2,900 ኪሎ ይመጣል። ይህን ቁጥር ለሚሠራልዎ ሰው ይንገሩት። «ይችላል፣ አይዞሽ» የሚለው መልስ አይበቃም። የብረቱን ውፍረትና የኮለኖቹን ርቀት አንድ መሐንዲስ ወረቀት ላይ ያስቀምጠው። የአንድ ቀን ክፍያ ነው።

አሜሪካ አገር ዴክ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የታሠረበት ቦታ ነው፤ በተለይ በምስማር ብቻ ከተመታ። የእኛ ግድግዳ ደግሞ ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው፤ ቡሎን አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ መደቡ በቤቱ ላይ አይንጠልጠል። በራሱ ስድስት ኮለን ላይ፣ ሦስቱ በቤቱ በኩል ሦስቱ በአጥሩ በኩል ሆነው፣ ለብቻው ይቁም። ከግድግዳው ጋር ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው።

ኮለኑ ስንት ይቆፈር? መልሱ በአፈሩ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያሳይ፣ በክረምት ጫማ የሚይዝ ጥቁር ኮትቻ ከሆነ ጥንቃቄ ይሻል። እንዲህ ያለ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ላይ ላዩን የተቀመጠ መሠረት አብሮት ይወጣል ይወርዳል። ጥቁሩን አልፎ ጠንካራው እስኪገኝ ይቆፈር። አርማታው በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ተለክቶ ይቦካ፤ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። የኮለኑ ራስ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ብረትም እንጨትም አፈር አይንካ። አዳማን በመሳሰሉ ሞቃት ከተሞች ያላችሁ አንባቢያን በኮለኑ ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ እየወጣ ነውና ቶሎ አፍርሱት።

ብረቱ ከመገጠሙ በፊት አንቲረስት ይቀባ፤ ብየዳው ከተፋቀ በኋላ እንደገና ይቀባ። የቱቦላሬው ጫፍ ይዘጋ። ጫፉ ክፍት የሆነ ብረት ውስጡ ውሃ ይዞ ከውስጥ ይዝጋል፤ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው ጣውላ ተሸካሚው በየ40 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በጣውላዎቹ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር።

ጣራውና ውሃው

ጣራው ግማሹን ብቻ ይሸፍን ያልነው እናትዎ ፀሐይ ፈልገው ስለሚወጡ ነው። በበሩ በኩል ያለው ግማሽ ይሸፈን፤ ዝናብ ወደ ቤት እንዳይገባም ይረዳል። የማድ ቤት መስኮት እዚያ ካለ ብርሃን የሚያሳልፍ ጣራ ይሁን፤ ጭስ መውጫውም አይታፈን።

የጣራ ውሃ የጎረቤት ጠብ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ከሰዓት ቢወርድ፣ 7 ካሬ ሜትር ተኩል ጣራ ላይ 225 ሊትር ይሆናል፤ 11 ጄሪካን። ይህ ሁሉ በአንድ ጥግ ከወረደ የኮለኑን ሥር ይሸረሽራል፤ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ከሄደ ደግሞ ያጣላል። አሸንዳ ይኑረው፤ ከተቻለ ወደ በርሜል ይግባ፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ልብስ ያጥባል። ከመደቡ ሥር ያለው መሬትም ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ጠጠር ይፍሰስበት። ውሃ ካልተኛ ሽታም ትንኝም የለም። ዙሪያው በወንፊት ሽቦ ይታጠር፤ አይጥ እንዳይቀልስበት።

ጊዜ፣ ፈቃድና ገንዘብ

ቁፋሮና አርማታ የሚመቸው ከመስቀል በኋላ ነው። መሬቱ ይጠነክራል፤ እንጨቱም እስከ ጥር ይደርቃል። «ክረምቱ ሳይመጣ» ብለዋል። እኛ የምንመክርዎ ግን ክረምቱን ለሌላ ሥራ እንዲጠቀሙበት ነው፦ ውሃው በየት እንደሚሄድ ይዩ፣ ጣውላውን ገዝተው ያድርቁ፣ ንድፉን ይጨርሱ። እስከዚያው በነባሩ ደረጃ ላይ ግን ዛሬውኑ መደገፊያ ብረት ይበየድ፤ በየደረጃው ፊት ላይ የሚያሻክር ነገር ይለጠፍ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የእናትዎ ዳሌ እስከ መስቀል አይጠብቅም።

ፈቃድን በተመለከተ የሕንፃ ሕግ አለ። ትንሽ ነገር ነው ብለው ሳይንቁ ንድፉን ይዘው አካባቢዎ ያለውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። ከአጥር ጋር የሚያዋስናችሁን ጎረቤትም ቡና ላይ ጠርተው ያሳዩት። ከተሠራ በኋላ ከሚነሳ ቅሬታ ይህ ይሻላል።

ዋጋ አንጽፍልዎትም፤ የዛሬው ዋጋ ነገ አይሠራም። በምትኩ ብዛት ይጻፉ፦ ጣውላ ስንት ካሬ፣ ቱቦላሬ ስንት ዘንግ፣ ሲሚንቶ ስንት ኩንታል፣ ቡሎን ስንት ፍሬ። ያንኑ ዝርዝር ለሦስት ሰው ሰጥተው ዋጋ ያስሞሉ። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ክፍያው በሥራው ደረጃ ይሁን፦ መሠረት ሲያልቅ፣ ብረቱ ሲቆም፣ ጣውላው ሲገጠም። የመጨረሻው ክፍያ ብረቱና ደረጃው በውሃ ልክ ታይቶ፣ ባልዲ ውሃ ተደፍቶ ከታየ በኋላ ይሰጥ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዘመድም ቢሆን።

ስለ ወንድምዎና ስለ ባለቤትዎ

ወንድምዎ የተቀየሙት በጣውላ አይመስለንም። ከእናታቸው ርቀው የሚኖሩ ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወድቀዋል፤ ማንሳት አልቻሉም። ማድረግ የሚችሉት ገንዘብ መላክ ነው፤ ያም ‹አያስፈልግም› የተባለ መስሏቸዋል። ስለዚህ «በእኛ አገር አይሆንም» ብለው አይመልሱላቸው። ንድፉንና የዕቃውን ዝርዝር ይላኩላቸውና አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ «የአንተን ዴክ በዓመት ስንቴ ትቀባለህ? ምኑስ ነው ቶሎ የሚበላሸው?» የሚመልሱት ለሥራው ይጠቅማል፤ በመልሳቸውም የሥራው ተካፋይ ይሆናሉ። ከላኩት ገንዘብም ትንሽ ለየዓመቱ ዘይትና ለሚቀየር ጣውላ ይቀመጥ። ይህን ማስቀመጥ ካልተቻለ እንጨቱ ይቅርና የባለቤትዎ ሐሳብ ከነ ጥንቃቄው ይሠራ። ምርጫውን የሚወስነው ፎቶው ሳይሆን እንክብካቤውን የሚችል ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ባለቤትዎንም መሠረቱን፣ ብረቱንና ውሃውን እንዲከታተሉ ያድርጉ። ክረምትን የሚፈራ ሰው ለዚህ ሥራ ጥሩ ፎርማን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በጠባብ ጓሮ ስለሚተከሉ ጎመንና ጤና አዳም እንጨዋወታለን። ጓሮ ላይ መደብ ያሠራችሁ አንባቢያን ስንት ክረምት እንደቻለላችሁና ምኑ መጀመሪያ እንደተበላሸ ጻፉልን። መልካም ሰንበት።